የሱሉልታ ወተትና በይለፍ ቃሌ ውስጥ ያለችው መሰላል

ሰበታ በሚገኝ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ኦቦ ቶሎሳ ሰርቨሩን ገና ሳያሳዩኝ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «ኮንፊግ ፋይል ከነካሽ ፕሮግራሙን አጥፍተሽ ሳታስነሺ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» አሉኝ። ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር። በሆዴ «እኚህ ሰውዬ ይህንንም ሊያስተምሩኝ ነው?» አልኩ።

ኮንፊግ ፋይል ፕሮግራም ሲነሳ መመሪያውን የሚያነብበት ተራ ጽሑፍ ነው። ሱሉልታ ባለው ጣቢያችን የወተት ታንኮቹን የሚያቀዘቅዘው ፕሮግራምም ወደ ዳታቤዙ፣ ማለትም ወደ መረጃ ቋቱ፣ የሚገባበትን የይለፍ ቃል የሚያነበው ከዚያ ነበር።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተጋጋለበት ሰሞን፣ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይጠንክሩ ተባለ። ሱሉልታ ሄጄ መሰላል የምትመስለው # ያለችበት ረጅም ቃል አወጣሁ፤ ዳታቤዙ ላይ ቀየርኩ፣ ፋይሉም ላይ ጻፍኩ። ፕሮግራሙን ግን አላጠፋሁትም። እየሠራ ነው፣ ምን ያደርግልኛል? ታክሲ እንዳያመልጠኝም ቸኩዬ ነበር።

በሳምንቱ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ቡራዩ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ አስቴር ደወለችልኝ። አስቴር ከወላይታ የመጣች የታንክ ሠራተኛችን ናት።

«መብራት ሄዶ መጣ፤ ማቀዝቀዣው ግን እምቢ አለ» አለችኝ። «የሁለት ቀን ወተት ነው ያለው። መኪና መውጣት አልቻለም። ገበሬዎቹን ምን ልበላቸው?»

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«የይለፍ ቃል ስህተት።»

ወዲያው ገባኝ፤ ፕሮግራሙ አዲሱን ቃል ከፋይሉ ያነበበው ገና አሁን፣ መብራት መጥቶ እንደገና ሲነሳ ነው፤ በዚያ ፋይል ውስጥ ደግሞ ከ# በኋላ የተጻፈውን ሁሉ ፕሮግራሙ እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ይዘለዋል። የይለፍ ቃሌን ግማሹን ብቻ ነበር ያነበበው። መፍትሔው ሙሉውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው።

«አስቴርዬ፣ ኮምፒውተር ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አቧራውን ጠርጌ አውቃለሁ።»

ቀስ በቀስ እየመራሁ ፋይሉን አስከፈትኳት። «ካርድ ስትሞዪ መጨረሻ ላይ የምትነኪያት መሰላል ትታይሻለች?»

«አየኋት።»

«እሷ ካለችበት ቃል ፊት ሺፍትን ይዘሽ ኢንተር አጠገብ ያለውን ቁልፍ ንኪ። ቃሉ ሲያልቅም እንደዚያው።»

«ሁለት ትናንሽ ጭረት ወጣ።»

«እሱ ነው። አስቀምጪውና ፕሮግራሙን አስነሺው።»

ስልኩን ወደ ታንኩ አስጠግታው ኖሮ የሞተሩ ድምፅ ተሰማኝ። «ተነሳ እኮ» አለች። እኔ ሶፋዬ ላይ አለቀስኩ።

መንገድ ሲከፈት ወተቱ አንድ ሊትርም ሳይበላሽ ወጣ። ኦቦ ቶሎሳ ቢሯቸው ጠርተው «ማን አስተካከለው?» አሉኝ።

«አስቴር።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ ነኝ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ለአስቴር ግን የኮምፒውተር ሥልጠና እንድትገባ ደብዳቤ ጻፉላት። ዛሬ የጣቢያው ኃላፊ ናት፤ ስልክ ላይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ እያልኩ እኩራራባታለሁ፣ እሷም ያዳንኩሽ እኔ ነኝ ትለኛለች።

እኔም ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ በእጄ ጥፋት አንድ ሊትር ወተት አልተደፋም። እኮራበታለሁ። ኮንፊግ ፋይል ከነካችሁ አጥፍታችሁ አስነሱ። ታክሲው ይደረስበታል።