ባዶ የመለስኳቸው እንስራዎች

ከባለቤቴ ከይስማው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በርበሬ መልቀም ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። የደረቀውን በርበሬ ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥተን፣ የነጣውን ከቀዩ እየለየን ተቀምጠናል። እሱ አስነጠሰው። «ይማርህ» ልል አፌን ስከፍት እኔንም አስነጠሰኝ። ደግሞ እሱን። ልጆቻችን በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሲመሽ በጆንያ ከተትንና ቤት ውስጥ ደረደርነው። ይስማው ጆንያዎቹን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «የዘንድሮውስ ደግ ነው» አለ።

በማግስቱ ብርድ ብርድ አለው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እህል ሊገዛ ቆላ ወርዶ ስለነበር ወባ መሆኑ ወዲያው ገባን። በሰው ሸክም ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሕይወቱ ግን አልተረፈም።

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ዓመታት ቢያልፉትም ከልቤ አልወጣም። ከልቤ ያልወጣው ሞቱ ብቻ አይደለም። ከሞቱ በኋላ በእኔና በልጆቼ ላይ የተደረገውና የተደረገውም ነገር የተገለጠበት መንገድ ነው። ደብተር ይዤ በቀን ትንሽ ትንሽ እየጻፍሁት ነው፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እጄ ይፈጥናል።

ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ነበር። መሬቱ ገበሬ ማኅበሩ የደለደለልን ነው። ይስማው የራሴ የሚለው፣ ለልጆቹም የተወው ሀብት ጥንድ በሬዎቹና ያ የለቀምነው በርበሬ ነበር።

ይስማው አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ አያ ደምሴ ይባላሉ። በቀብሩ ዕለት ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ወንድማቸውን ይወዱት እንደነበር ዛሬም አልክድም። ከቀብር ስንመለስ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣

«አንቺ ሐዘንሽን ተቀመጪ። የውጭውን ለእኔ ተዪው» አሉኝ።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ተቆርጣ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እስከ አርባው ድረስ ገበያ አትወጣም፣ ከብት አታሰማራም። ስለዚህ አያ ደምሴ በሬዎቹን ሲነዱ፣ በርበሬውንም በአህያ ሲያስጭኑ፣ የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው። «ለተዝካሩ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ሌላ ማንን ላምን ነበር?

ተዝካሩ ጥር ላይ ተደገሰ። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ድኃውም፣ ጎረቤቱም፣ መንገደኛውም በላ ጠጣ። እኔ ጥግ ላይ ተከናንቤ ሰው ሲናገር እሰማለሁ። «ደምሴ ወንድሙን አኮራው» ይላል አንዱ። «ወንድም እንዲህ ነው እንጂ» ይላል ሌላው። ሰው ሲበተን ተነሥቼ የአያ ደምሴን ጉልበት ሳምሁ።

ሳምንት ሳይሞላ መጡ። ቆመው ነው የነገሩኝ።

«በሬዎቹ በተዝካሩ አልቀዋል። በርበሬውም እንደዚያው። ከራሴም ጨምሬያለሁ፤ እሱን አልጠይቅሽም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አልሁ።

«እንግዲህ በሬ የሌለው ቤት አያርስም። አንቺ ወደ ሰከላ፣ ወደ ወገኖችሽ ግቢ። ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትዳር አይጠፋሽም። ልጆቹ የወንድሜ ደም ናቸው። መሬቱን እኔ እያረስሁ አሳድጋቸዋለሁ።»

ልጆቼን ትቼ እንድሄድ ነው የሚነግሩኝ። «እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ፣ አያ» አልኳቸው። ያ ቀን ከደረሰና በሬ ካላገኘሁ መሬቱም ልጆቼም ከእጄ እንደሚወጡ አወቅሁ።

ግቢዬ በሰው ዕቃ ተሞልቶ ነበር፤ እንስራው፣ ሌማቱ፣ ገበቴው። አያ ደምሴ «ለድግሱ ከየጎረቤቱ ተውሼ ነው፣ መልሺላቸው» ብለውኛል። በአገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እፍኝ እህልም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። እኔ ግን የምጨምረው አልነበረኝም። ባዶ እንስራ ተሸክሜ ሰው ደጅ መቆሙ ራሱን የቻለ ሐዘን ሆነብኝ። ቢሆንም አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ መመለስ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት የቅርብ ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ዘንድ ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ስላዋሱን እግዜር ይስጥልኝ። ባዶውን በመመለሴ አይቀየሙኝ» አልኳቸው።

«ማነው ያዋሰሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! አያ ደምሴ ተውሼ ነው ብለውኛል።»

እትዬ የሻረግ እንስራውን ተቀብለው እንደያዙት ቀሩ። «ተውሼ አለ?» አሉ። «እስቲ የሌሎቹንም መልሺ። ለእኔ ያልሽውን እያንዳንዳቸው ደጅ ላይ በይ። ከዚያ ተመልሰሽ ነይ» አሉኝ።

ሁለተኛው ቤት የብርቱካን ነው፤ አዲስ ሙሽራ ናት። ነገሬን ሳልጨርስ፣

«ባዶ? እኔ እኮ እስከ አንገቱ ጠላ ሞልቼ ነው የላክሁት!» ብላ ጮኸች። ወዲያው በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ይቅር በይኝ፣ እታለም። አፌ ነው።»

ለምን እንደደነገጠች አውቃለሁ። ለተዝካር ያመጣነውን ለሐዘንተኛ አንናገርም። ለነፍስ የሰጠውን የሚያወራ ዋጋውን እዚሁ በላ ይባላል። ሁሉም ሴት የራሷን አምጥታ አስቀምጣ፣ የሌላዋን ሳትጠይቅ ትሄዳለች።

በየደጁ እንዲሁ ሆነ። አንዷ አቀረቀረች። አንዷ «ምን ይደረግ፣ እግዜር ይይለት» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አንዷ ደግሞ ሌማቷን ተቀብላ አለቀሰች። ከእነሱ ባዶ ዕቃ ያዋሰች አንዲትም አልነበረችም። ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ ሳይቀር በየቤቱ ተሠርቶ የመጣ ነው። የታረደውን ሙክትም የሰንበቴው ማኅበር እንደሰጠ ሰማሁ።

ታዲያ የይስማው በሬዎች የት ገቡ?

መልሱ ሩቅ አልነበረም። አያ ደምሴ ደጅ አዲስ ቆርቆሮ ተቆልሎ ይታይ ነበር። ሰው ማር ሸጠው የገዙት መስሎታል።

ወደ እትዬ የሻረግ ተመለስሁ። «ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባኝ፤ ግን ማን ይመሰክርልኛል?»

«እሱም እኮ አፋችን የተሰፋ መሆኑን አውቆ ነው የደፈረን» አሉ።

በዚያው ሳምንት እህል በጫነ መኪና ላይ ተለምኜ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ናት ብለው ሹፌሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። አውራጃው ጽሕፈት ቤት ያገኘሁት ሰው በትሕትና ሰማኝና፣ ጉዳዩን የገበሬ ማኅበራችን የፍርድ ሸንጎ እንደሚያየው ነገረኝ። «ምስክር ግን ያስፈልግሻል» አለ። የሌለኝም እሱው ነበር። ቢሆንም ተመልሼ ከሰስሁ።

ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሑድ ቀን ዋርካው ሥር ተቀመጠ። የዐቢይ ጾም ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ መጥቷል። የነፍስ አባታችንም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዳር ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ መሠረተ ትምህርት ያስተምር የነበረ ወጣት ነው።

እኔ በአጭሩ ተናገርሁ። የአባታቸው ሀብት ለልጆቼ ይመለስ አልሁ። ከዚያም ተቀመጥሁ።

አያ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ንግግር ያውቃሉ።

«ጎበዝ! እኔ ወንድሜን እንደ ውሻ አልቀበርሁም። ጤፉን የገዛሁ እኔ፣ ጌሾውን የገዛሁ እኔ፣ ጠላውን ያስጠመቅሁ እኔ! እዚህ ካለው ሰው ያልበላ ማነው? ያልጠጣ ማነው? በሬውን በልታችሁ ስታበቁ የት ገባ ትሉኛላችሁ?»

ሰው አጉረመረመ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በልተዋል፣ ጠጥተዋል፤ ምን ይበሉ?

«ምስክር አለሽ?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ወደ ሴቶቹ ዞርሁ። ሁሉም አቀርቅረዋል። አልፈረድሁባቸውም። እትዬ የሻረግ ብድግ አሉና፣ ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

«ምስክርሽ አመለጠችሽ!» አሉ አያ ደምሴ። አንዳንዱ ሳቀ።

ቀጥሎ ብርቱካን ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በዚያች ሰዓት የሰከላ መንገድ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ታየኝ።

ሊቀ መንበሩ ሊበትነን ሲል ከወደ መንደሩ እትዬ የሻረግ ብቅ አሉ። እንስራቸውን አዝለዋል። መጥተው ከሸንጎው ፊት አስቀመጡትና አጠገቡ ቆሙ። ከኋላቸው ብርቱካን የራሷን ይዛ መጣች። ከኋላዋ ሌሎቹ፣ እንስራ ያላት እንስራዋን፣ ሌማት ያላት ሌማቷን። ዕቃው በዋርካው ጥላ ተደረደረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አያ ደምሴ።

«እኛ ምንም አላልን» አሉ እትዬ የሻረግ። «ዕቃችንን ይዘን ቆምን እንጂ።»

አያ ደምሴ ወደ ነፍስ አባታችን ዞሩ። «አባ! ለነፍስ የሰጡትን በሸንጎ ሊያወሩ ነው! ይህ ኃጢአት አይደለም?»

አባ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ቢያወሩ ኃጢአት ነበር። እኔ ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። እንስራ መሸከም ኃጢአት ነው የሚል ደግሞ የትም አላነበብሁም።»

ሊቀ መንበሩ ነገሩ ገባው። ሴቶቹን እንዲናገሩ አላስገደዳቸውም። ወደ አያ ደምሴ ዞሮ፣

«ጠላውን በምን አቀረቡት?» አላቸው።

«በእንስራ ነዋ! በምን ይቀርባል?»

«በማን እንስራ?»

«ተውሼ።»

«ባዶ እንስራ ያዋሰቻቸው ሴት ካለች ዕቃዋን ይዛ ትቀመጥ» አለ ሊቀ መንበሩ።

አንዲትም አልተቀመጠች። ሁሉም እንስራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከወንዶቹ መካከል አንዱ፣ «ደምሴ፣ እኛ እኮ በሬውን የበላነው መስሎን ስንጸጸት ከረምን!» አለ።

«በሬውማ ደጁ ቆሟል፣ ቆርቆሮ ለብሶ!» አለ ሌላው። ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀ መንበሩ ዝም ለማሰኘት እየሞከረ እሱ ራሱ ሳቀ።

አያ ደምሴ ትንሽ ተከራከሩ። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ለወንድሜ ልጆች ብዬ ነው የያዝሁት» አሉ።

«እሰይ!» አሉ አባ። «ባለቤቶቹ መጥተዋልና አስረክብ።»

ሸንጎው አያ ደምሴ በተሸጡት በሬዎች ፋንታ የራሳቸውን ጥንድ እንዲሰጡ፣ በበርበሬውም ፋንታ ቆርቆሮውን እንዲያስረክቡ ፈረደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬዎቹ ግቢዬ ገቡ። እትዬ የሻረግ ከፊት ሆነው ይነዱ ነበር። ብርቱካን ጾም ነው ብትባልም እልልታዋን አቀለጠችው።

የዚያን ዓመት የማኅበሩ ወንዶች በወንፈል ተሰብስበው መሬቴን አረሱልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ቤቴ ላይ ቆርቆሮ ተመታ። ዝናቡ ሲወርድበት ድምፁ እንቅልፍ ይነሣል፤ እኔ ግን እንደዚያ ክረምት ተኝቼ አላውቅም። ልጆቼ ከእኔ ጋር አደጉ፤ ከዚያ እርሻ በተገኘውም ትምህርት ቤት ገቡ።

ከአያ ደምሴ ጋር ዓመት ያህል ሰላምታ አልነበረንም። በኋላ ሽማግሌ ላኩብኝና በአባ ፊት ታረቅን። ቂም የለብኝም። በሬዎቹን ግን አልመለስሁም።

ይስማውን እስከ ዛሬ አለቅሰዋለሁ። ያቺን እሑድ ሳስባት ግን ደስ ይለኛል፣ ኩራትም ይሰማኛል። ፈርቼ ዝም ብል ኖሮ ልጆቼ የአጎት ቤት እረኞች፣ እኔም የሰከላ ተመላሽ እንሆን ነበር።

አሁን ፍኖተ ሰላም ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት መኖሯን ስሰማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እሄዳለሁ፣ አጠገቧ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፣ ለቅሶው በረድ ሲልላት ከብቶቹን ማን እንደያዛቸው እጠይቃታለሁ።