ሼሁ «ተቆጥቻለሁ» ያሉ ቀን

ተማሪ ከባድ ነገር ሲጠይቃችሁ፣ ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ ጠያቂውን ማስወጣት የቀለላችሁ ቀን አለ? በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መድረሳ፣ በእስልምና ትምህርት ቤት፣ ረዳት ኡስታዝ ሆኜ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጠመኝ።

መድረሳችን ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ነበር። ልጆቹ ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት ውለው ከሰዓት እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ፈትሂያ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና «አላህን ካላየነው መኖሩን በምን እናውቃለን?» አለች። ወሬው እኛ ከክፍል ሳንወጣ ገበያ ደረሰ።

አባቷ ሐጂ ዩሱፍ ቅመም ነጋዴ ናቸው። እጃቸው በርበሬ እንደነካ ከተፍ አሉ።

«ትምህርት ቤት ያሉት የደርግ ካድሬዎች አበላሿት! ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትቀመጣለች። ያ ሼህ፣ ይፍረዱ፤ ሃይማኖቷን ለቃለች ወይስ አልለቀቀችም?»

«ሐጂ፣ ይረጋጉ» አልኳቸው።

«አቦ ተወኝ! አንተ ገና ዛሬ የመጣህ!»

የመድረሳው ኃላፊ ሼህ ዑመር «አሁን አልፈርድም፤ ተቆጥቻለሁ» አሉ።

«በእሷ ነዋ!»

«በአንተ ነው።»

ይህን ብለው ዉዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ ሄዱ።

ነገሩን ላስረዳ። ዳኛ ተቆጥቶ አይፈርድም፤ የነቢዩ ትእዛዝ ይህ ነው። ሊቃውንቱ ግን «ለምን?» ብለው መረመሩ። ቁጣ አእምሮን ስለሚሸፍን ነው። እንግዲያስ አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ እንደ ቁጣ ነው ብለው ረሃብን፣ እንቅልፍን፣ ብርቱ ደስታን፣ ሽንት መያዝን ሳይቀር ጨመሩበት። የሰውን ልብ እንዲህ ቀርበው ማየታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሼሁ ተመልሰው «ሐጂ፣ ምሳ በልተሃል?» አሉ።

«በምን ሆዴ!»

ሳምቡሳ ተገዛ። ሐጂ እያጉረመረሙ በሉ። የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ፈትሂያ ተጠራች።

«ጥያቄሽን ድገሚው። ከየት አመጣሽው?»

«ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ጠየቁኝ» አለች። «መልስ አጣሁ። እነሱ ሳቁ። እዚህ አገኛለሁ ብዬ ነው።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ።

«ፍርዴን ስማ» አሉ ሼሁ። «የለቀቀችው ነገር የለም። ሃይማኖቷን የምትጠብቅበትን መልስ ፍለጋ መጥታለች። ትማራለች። መልሱ ረጅም ስለሆነ አንተም አጠገቧ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።»

ከዚያ ወዲያ ሐጂ ሱቃቸውን በጊዜ እየዘጉ ይመጡ ጀመር። ከልጃቸው ይልቅ እሳቸው ጥያቄ አበዙ።

የተማርኩት ይህ ነው፤ የተቆጣ መምህር ጥያቄ አይሰማም። እናንተም ሞክሩት። ተማሪ ከማስወጣታችሁ በፊት «ተቆጥቻለሁ» በሉ፤ ተቀመጡ፤ እህል ቅመሱ። ከዚያ ጥያቄውን እንዲደግመው ጠይቁት።