በሹክሹክታ የቆጠርነው ፊደል

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በሰው አገር፣ ዌሪቢ በምትባል ከተማ፣ የተከራየነው ቤት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ልጆቼን ካርቶን ላይ አስቀምጬ ፊደል አስቆጥራለሁ... በሹክሹክታ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዌርሀውስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ናይት ሺፍት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ማስነጠስ እንኳ ያሳልፋል። የሰባት ዓመቱ ናሆም አስም ነበረበት፤ በዚያ የብርድ ወቅት ትምህርት ቤት ከዋለበት ቀን ሆስፒታል የዋለበት ይበልጣል። «እስኪሻለው እኔው ቤት አስተምረዋለሁ» አልኩ። የአምስት ዓመቷ ሩትም «እኔስ?» ብላ ተከተለችው። የመምህር ልጅ አይደለሁ እንዴ? ምን ያቅተኛል!

አቃተኝ።

ፊደል ጮክ ተብሎ ካልተቆጠረ አይገባም። እኛ ሰፈር እስኪሰማን እየጮኽን ነው የተማርነው። በሹክሹክታ ሲሆን ልጆቹ ሳቃቸው ይመጣል፣ ሲስቁ አፋቸውን እይዛለሁ፣ ከዚያ ለቅሶ ይከተላል። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም እንደዚያው። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ገጽ ሳንጨርስ የምንውልበት ቀን ብዙ ነበር።

ብሶቴን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። እናቴ ከአገር በወጣሁ በዓመቱ አርፋለች። የቀረኝ አባዬ ነው... ደሴ ብቻውን የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ደም ብዛት ያለበት። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ድምፄን ካሴት ላይ ቀድቼ እልክለታለሁ። የምለው ሁሌ አንድ ነው፤ «አባዬ፣ እኛ በጣም ደህና ነን፣ ሐሳብ አይግባህ...»። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኩት። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ክፉ ወሬ አይላክም፤ እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው።

ያን ዕለት የልጆቹን ንባብ ልቀዳለት ቴፑን ከፈትኩ። ናሆም «ሀ ሁ» ብሎ ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ሩት ውሃ ደብተሩ ላይ ደፋች። ስቆጣት ጊዜ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ...

«አይ ዋንት ኤ ሪል ቲቸር!» አለችኝ።

እውነተኛ አስተማሪ አምጪልኝ ማለቷ ነው። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለ ይመስል «አባዬ አልቻልኩም! ሰው የለኝም... ናፍቀኸኛል!» እያልኩ። ናሆም መጥቶ፣ እሱን ሲያስለው እንደማደርገው፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ቴፑ እየቀዳ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው። ካሴቱን ላጠፋው አስቀመጥኩና በሌላ ካሴት የተለመደውን «ደህና ነን» ቀዳሁ።

ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወደ ደሴ ሊሄዱ ሲሉ በጥድፊያ ካሴቱን ሰጠኋቸው። በሳምንቱ የቀረውን ካሴት ላጠፋ ስከፍተው... «አባዬ፣ እኛ በጣም ደህና ነን...»

ክው አልኩ። ለቅሶዬን ነው የላክሁት! እትዬ አስካለ ሄደዋል። ለአባዬ ልደውል ብል ቤቱ ስልክ የለውም። ደሙ ቢነሳበትስ? አጠገቡ ማን አለ? ሁለት ወር ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር የመርዶ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ሲመለሱ በራቸው ላይ ነው የያዝኳቸው።

«እትዬ፣ አባዬ... አለ?»

«ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው! ለቴፑ ባትሪ ግዙልኝ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡን ከረሙ» ብለው ካሴት ሰጡኝ።

ከልጆቹ ጋር ጋራዥ ገብተን ከፈትነው። ስለ ለቅሶዬ አንድም ቃል የለም። ጉሮሮውን ጠረገና...

«ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?»

ከዚያ ዝም። ልጆቹ ተያዩ። ለካ መልስ እየጠበቀ ነው! «እግዚአብሔር ይመስገን በሉ» አልኳቸው፣ አሉ።

«ጎበዞች! አሁን ተከተሉኝ። ሀ!»

«ሀ...» አሉ በለመዱት ሹክሹክታ።

«አልሰማሁም! ጮክ በሉ እንጂ፣ እኔ ያለሁት ደሴ ነው!»

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! ጋራዡ ተናወጠ። ባለቤቴ ዓይኑን እያሻሸ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ትንሽ አዳመጠና «አባትሽ ናቸው?» አለኝ። ካርቶን ስቦ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። እሱም «ሁ!» አለ።

ካሴቱ ሊያልቅ ሲል የአባዬ ድምፅ ዝግ አለ።

«እናታችሁ እዚያ አለች?»

«የስ!» አለች ሩት።

«አንቺስ ልጄ... ደከመሽ እንዴ?»

ካሴቱ ዝም ብሎ ዞረ። ለልጆቹ ከሰጣቸው ጊዜ ይልቅ ለእኔ ረጅም ሰጠኝ። ከኋላው የግቢያችን የቆርቆሮ በር ሲንጓጓ ይሰማኛል... አንድ ሰው ሊገባ ያለ ይመስል። እዚያ በር ላይ መሆን እንዴት እንዳማረኝ!

«አዎ አባዬ» አልኩት። «ደክሞኛል።»

«ጎበዝ» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ «አልደከመኝም» ስል ኖሬ፣ «ደክሞኛል» ብዬ ጎበዝ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።