የፈተናው ሰሞን

ጂግጂጋ የገባሁት ከኮሮናው በፊት በነበረው ዓመት ነው። አዳማ ያደግኩ፣ የውሃ ምህንድስና ተምሬ ሥራ ስፈልግ የከረምኩ፣ ሶማሊኛ አንዲት ቃል የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። የቀጠረኝ የእርዳታ ድርጅት ከቀብሪበያ ወዲያ ባሉ መንደሮች የውሃ ሥራ ይሠራ ነበር። ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የጂግጂጋ ተወላጅ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ እንደኔው ፕሮጀክት ኦፊሰር ናት። አማርኛን ከትምህርት ቤትም ከጎረቤት የወታደር ልጆችም ተምራዋለች፤ ወደ ሶማሊኛ የምትሻገረው ስትናደድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ የት እንደምበላ ጠየቀችኝ። መልሴን ስላልወደደችው እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው። ውሎ አድሮ እኔም እናትዬዋን እንደሷ «ሆዮ» ማለት ጀመርኩ፤ እናቴ እንደማለት ነው።

በድርጅታችን የፕሮጀክት ማናጀር ቦታ በተከፈተ ቁጥር ሰው ይመጣ የነበረው ከአዲስ አበባ ነው። እሷ ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው በአንድ ምክንያት ነበር፤ የፕሮጀክት አስተዳደር ሰርተፍኬት የላትም። በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱ አሠልጣኝ አስመጥቶ፣ ከከተማው ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ኮርስ ሲከፍት መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ እሷ ናት ስሜን የጻፈችው።

መጽሐፉ ከበደን። እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም የከበደን፤ ምሳሌዎቹ ስለ ባንክ ሕንፃና ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነበሩ። ከሥራ ስንወጣ እነሱ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ምሳሌዎቹን ወደምናውቀው ወደ ብርካ እንቀይራቸው ነበር፤ ብርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ ነው። ተቋራጩ ቢጠፋስ? ዝናቡ ሥራው ሳያልቅ ቢመጣስ? ጭራሽ ባይመጣስ? ሆዮ ሻይ አቅርበው ያዳምጡናል። አንድ ቀን ምን እንደምንማር ጠየቋት። ሥራን ጀምረው እንዴት እንደሚጨርሱ ነው አለቻቸው። ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ብለው ተገረሙ፤ ለብዙ ጊዜ ሳቅንበት።

ከዚያ ድርቁ መጣ። የከብት ሬሳ መንገድ ዳር ተኝቶ እያየን፣ ውሃ ከሚያመላልሱት መኪኖች ኋላ ስንከተል እንውል ጀመር። ጥናታችንም እዚያው መኪናችን ውስጥ ሆነ። እሷ በጣም ከሳች። ያኔ ያልከሳ ሰው ስላልነበረ ልብ አላልኩትም። ቦርሳዋን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ማዛወሯን ግን አይቼ ጠይቄያት ነበር፤ አጉል ተኝቼ ነው ብላ አለፈችው።

የሰርተፍኬቱ ፈተና የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለነበር አብረን በረርን። በኮምፒውተር ነው የተፈተንነው፤ ውጤቱም እንደጨረስን ስክሪኑ ላይ ወጣ። እኔ ወደቅኩ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ፊቴን አይታ ስለራሷ ምንም አላለችም። እኔው ጠየቅኳት፤ አልፋለች። አቀፍኳት። እውነቴን ነው፣ ደስታዬ ከሐዘኔ ይበልጥ ነበር።

ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። እሷ ብርጭቆዋን አልነካችውም።

«ነገ ጠዋት አንድ ቦታ ትሸኚኛለሽ?» አለችኝ።

«የት?»

«ሐኪም ቤት።»

ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ቆይታለች። ጂግጂጋ ያያት ሐኪም ጊዜ ሳታጠፊ አዲስ አበባ ሂጂ ብሏት ነበር። እሷ ግን ለፈተናው መሄዴ አይቀርም ብላ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ልትጨርስ አሰበች። የፈተናው ቀን ደግሞ በድርቁ ሥራ ምክንያት ተገፋ፣ አሁንም ተገፋ።

«ቀድሜ ብታከም ቢሮው ይሰማል» አለችኝ። «ለታመመች ሴት ማን ፕሮጀክት ይሰጣል? ካለፍኩ በኋላ ግን አልፌያለሁ፤ ማንም አይወስድብኝም።»

ሻዩን ከፍዬ ይዣት ወጣሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቃት። ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ በጣም በትሕትና መናገር ጀመረ። ከንግግሩ ይልቅ ያ ትሕትናው ነው ያስፈራኝ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ መድኃኒቱን በየጊዜው እየተመላለሰች ወሰደች። ጸጉሯ ሲረግፍ ሻሿ ሸፈነላት። ለሆዮ ሥልጠናው ገና አላለቀም እያለች ነበር የምትመላለሰው። የነገረቻቸው መደበቅ ሲያቅታት ነው።

የማናጀርነቱን ቦታ አገኘች። ከቀብሪበያ ወዲያ የፈራረሱ ብርካዎችን የሚያድስ ፕሮጀክት ነበር። ጥቂት ወራት ደህና ሆና ሠራች፤ እንደውም ወፈር አለች፤ እኔም ተስፋ አደረግኩ። ዝናቡ ሲመለስ የመጀመሪያው ብርካ ሞላ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ አፋፉ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ጀርባዋን ያማት ጀመር፤ ሕመሙ አጥንቷ ገብቶ ነበር።

በርክክቡ ቀን ቅሪ ብንላት እምቢ አለች። መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስደግፋ ተኝታ ሄደች። መንደሩ ስንደርስ ተነስታ ሻሿን አስተካከለች፤ ንግግሩም ጸሎቱም እስኪያልቅ ቆመች። የመንደሩ ሽማግሌ ብርካውን በሕዝቡ ስም ተረክበው መረቋት። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው አሏት። «አሚን» አለች፤ ሁላችንም «አሚን» አልን። ሾፌራችን ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ።

ስንመለስ ዓይኖቿን ጨፍና ቆየችና፣ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የኔ የሆነው ሥራ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ። «ግን አለቀ። ተረከቡት።»

ያረፈችው ከዚያ ብዙም ሳትቆይ፣ አንድ ጠዋት፣ ቤቷ ነው። በዚያው ቀን ወንዶቹ ተሸክመው ወሰዷት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀርቼ ከሆዮ ጎን ተቀመጥኩ። ያኔ ሶማሊኛው ገብቶኛል። ሕመሟን ቀድሜ አውቅ እንደነበር ሆዮ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ፣ ከፈተናው በኋላ ነው የነገረችኝ አልኳቸው።

«እኔ ከዚያም በኋላ ነው የሰማሁት» አሉኝ። «አንድ ቤት እያደርን።»

ለረጅም ጊዜ ተናድጄ ኖርኩ። አንዳንዴ በቢሮው፣ አንዳንዴ በወረቀቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በእሷ። መጽሐፉን ዳግም መግለጥ አስጠልቶኝ ነበር። በኋላ ግን ባዶ ወንበሯን እያየሁ መዋል ሲከብደኝ ማጥናት ጀመርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ብቻዬን አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩና አለፍኩ። ከሕንፃው ወጥቼ መንገድ ዳር ስቆም ለማን እንደምደውል ግራ ገባኝ። ለሆዮ ደወልኩ። ምን እንዳለፍኩ በደንብ አልገባቸውም፤ «ማሻ አላህ» አሉኝ። ቀጥለው ጠየቁኝ።

«ሐኪም ቤትስ ሄድሽ?» አሉኝ።

ምንም አያመኝም አልኳቸው። እሷም እንዲህ ነበር የምትለኝ አሉ። በማግስቱ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ምንም አልተገኘብኝም። ይህንኑ ነግሬያቸው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

አሁን ያ ቢሮ የለም። የለጋሾቹ እርዳታ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ ሰርተፍኬት ያለንም የሌለንም እኩል ተበተንን። እኔ ጂግጂጋ ቀርቼ ሌላ ሥራ ያዝኩ። አርብ አርብ ሆዮ ዘንድ እሄዳለሁ። ምሳ እንበላለን። ስለ እሷ ሁልጊዜ አናወራም።