ለአያቴ የተለቀሰበት አዳራሽ

የመድረክ መብራት ሲግል በላዩ የተኛው አቧራ አብሮ ይቃጠላል፤ ያን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ባለፈው ሰሞን እዚህ ቤርሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው በልጄ በኖዓ ትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ሊጀመር ሲል፣ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ የኖዓን መውጣት ስጠባበቅ፣ ያው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታውና ልቤ እኔን እዚያው ትቶ ወደ ልጅነት ሰፈሬ ወደ ሽኩና ጊሜል፣ ወደ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሄደ። እናቴ ምንም አልሸተታትም፤ «ማዝጋኑን አብዝተውታል፣ በረደኝ» ብላ ማቀዝቀዣውን በዓይኗ እያሳየችኝ ነጠላዋን ደረበች።

በእኔ ጊዜ ትምህርት ሲያልቅ ሁሉም ወደየሁጉ፣ ወደየከሰዓት ክበቡ ይበተን ነበር፤ ገሚሱ ወደ ኳስ፣ ገሚሱ ወደ ጭፈራ፣ ገሚሱ ደግሞ «ሁግ አለብኝ» ብሎ እናቱን ሸውዶ ፈላፌል ሊበላ ወደ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ወደ አሮጌው ከተማ። እኔ የቴአትሩን ሁግ የመረጥሁት ለጥበብ ፍቅር ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ማዝጋኑ በደንብ የሚሠራው እዚያ አዳራሽ ብቻ ስለነበር ነው፤ የቤርሼቫን ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድብኝም። ለቅዝቃዜው ብዬ ገባሁ፣ ወድጄው ቀረሁ።

ችግሬ ድምፄ ነበር። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ታላቅ ፊት ስትናገር ዓይኗን ሰበር፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ለእናቴ «ያንች ልጅ እኮ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ» ሲሏት ትልቅ ሙገሳ ነበር። ለአስተማሪያችን ለሩቲ ግን ይኸው ሙገሳ መከራ ሆነባት። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ «ሎ ሾምዒም፣ አድና» ስትል ትውላለች፤ አይሰማም ማለቷ ነው። እንዲያም ሆኖ ዋናውን ቦታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ወታደር ልጇ መሞቱ የሚነገራትን እናት ሆኜ እንድጫወት። ቴአትሩ የተንጠለጠለው በእናትየዋ ጩኸት ላይ ነውና ያ ካልተሰማ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው አለችኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ለእናቴ ስነግራት ከጽዳት ሥራ ተመልሳ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ያኔ ጻቫ፣ ውትድርና ላይ ነበር፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናቴ ትደነግጣለች።

«ወንድምሽ ጻቫ እያለ አንቺ ልጄ ሞተ ብለሽ ልታለቅሺ?» አለችኝ። «በቁም ላለ ሰው አይለቀስም። ሟርት ነው።»

«ደይ፣ እማ፣ ዜ ራቅ ሃጻጋ» አልኋት፤ በቃ፣ ትርኢት ብቻ እኮ ነው ማለቴ ነበር።

«ለቅሶ ትርኢት የለውም» አለችና እግሯን ከውሃው አወጣች።

ከዚያ ወዲያ የሁለታችንም ፊት ኮሶ የጠጣ መሰለ። ለሩቲ አልነገርኋትም፤ ልምምዱን ቀጠልሁ፣ ድምፄ ግን ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ እናቴ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ዓይኔን ሳታይ ስለ እናቷ፣ ስለ አያቴ ስለ እምዬ ላቀች ማውራት ጀመረች። እምዬ ላቀች ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ጎንደር ሆና ስትጠብቅ ነው የሞተችው።

«መርዶው ሲመጣ እዚህ አገር ከገባን ገና ጥቂት ጊዜያችን ነው» አለች። «ሰው አናውቅ። የሕንፃው ሰው እንዳይቆጣ አፌን በትራስ ይዤ አለቀስሁ። እናቴ በወጉ አልተለቀሰላትም። ማልቀስሽ ካልቀረ ለእሷ አልቅሺላት። የወንድምሽን ስም ግን በልብሽም እንዳታነሺ።»

የትርኢቱ ዕለት በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ክው አልሁ። እናቴ፣ እማማ ትርንጎና የሰፈራችን እናቶች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማማ ትርንጎ ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት ትልቅ ፌስታል ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ፤ የለቅሶ ቤት ንፍሮ ነበር። እናቴ እናቶቹን የጠራቻቸው ቴአትር እንዲያዩ ሳይሆን ለአያቴ እንዲያለቅሱላት ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ሰዓቴ ደረሰ። የጦር ሰዎች ሆነው የሚጫወቱት ሁለት ልጆች ፊቴ ቆመው መርዶውን ነገሩኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ከፈትሁ፤ አሁንም የለም። ከፊት የተቀመጡ ልጆች መሳቅ ሲጀምሩ በመጨረሻ ከአፌ የወጣው ከጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነበር፤ «እምዬ ላቀች» አልሁ፣ ለራሴ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

እናቴ ሰማችው። ብድግ ብላ «ወይኔ እናቴ፣ ወይኔ ላቀች» እያለች ደረቷን ስትመታ ረድፉ በሙሉ አብሯት ተነሣ፤ በእኛ ወግ ሰው ብቻውን አያለቅስም። እማማ ትርንጎ ንፍሯቸውን ለጎረቤት ልጅ አስይዘው ሙሾውን ያወጣሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ያን ጊዜ ጮህሁ። ድምፄ ያን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሩቲ ዘንድ ደርሶ፣ በሩን አልፎ ግቢ ድረስ ተሰማ አሉ። ላላየኋት አያቴ ከልቤ አለቀስሁላት።

ሕዝቡ ሁሉ የቴአትሩ አካል መስሎት በጭብጨባ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እናቶቹን አዳራሹ ውስጥ ማስቀመጥ ግሩም ሐሳብ ነበር ብለው የሩቲን እጅ ሲጨብጡ ሩቲም አላስተባበለችም። ንፍሮው በየወንበሩ ዞረ፤ የአንዲት የሩሲያ ልጅ አባት ደግመው ጠየቁ። እናቴ በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ «ተለቀሰላት» አለችኝ። ጌታቸውም ውትድርናውን በሰላም ጨርሶ ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል፤ ክፉ ነገር ደረሰበት ቢባል ቦርጩ ነው።

ከዚያ ረድፍ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እማማ ትርንጎ ራሳቸው ሲሞቱ ሙሾ የሚያወጣ ጠፍቶ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ዝም ብለን ተቀመጥን፤ ያ እስካሁን ያንገበግበኛል። ኖዓ አያቷ የምትለውን ግማሹን አትሰማም፣ አያቷም የኖዓን ዕብራይስጥ አትከተልም፤ በመካከላቸው እኔ ነኝ ያለሁት፣ እኔ ሳልፍ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ኖዓ መድረክ ላይ ወጣች። የምትጫወተው አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር የምትጨቃጨቅ አሮጊት ነው፤ ድምጿ ደግሞ ማንንም የማይፈራ ነው፣ ከየት እንዳመጣችው ይገባኛል። አንድ ነገር ተናገረች፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

በጆሮዋ ተረጎምሁላት። ገብቷት ከት ብላ ስትስቅ ሌላው ሰው ስቆ ጨርሶ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ራሶች ወደ እኛ ዞሩ። ኖዓ ቀጣዩን ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ገጠመችውና አያቷን እያየች ጠበቀቻት። እኔም እናቴ ብቻዋን እንዳትስቅ ብዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።