የመጽናናት አንድምታ

ልጅ ሳለሁ ቀበሮና ጅብ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ያሳደጉኝ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ መምህር ነበሩና የእንስሳቱን ተረት አያውቁትም፤ ያውቁትም ከነበረ ረስተውታል። እሳቸው የሚያውቁት የቃልን ተረት ነበር። ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ባለችው የሣር ክዳን ቤታችን፣ ተማሪዎቻቸው ወደየጎጇቸው ተበትነው ቀኑ ሲመሽ፣ ከምድጃው ዳር መደቡ ላይ ይቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «በይ ቃል ምረጭ» ይሉኝ ነበር።

ያኔ መብራት የሚባል ነገር ወደዚያ አልደረሰም። ከኩራዟ ይልቅ የሚያበራልን ፍሙ ነበር፤ እሱም የባሕር ዛፍ እርጥብ እንጨት የገባበት ቀን ከብርሃኑ ጭሱ ይበዛል። አመዱ ውስጥ ድንች እቀብራለሁ፤ ድንቹ እስኪበስል ድረስ ቃል እመርጣለሁ። የምመርጠውም ቀን ላይ ከጉባኤያቸው የሰማሁትን ነው። ጉባኤው ከቤታችን ጀርባ፣ ከወይራው ሥር ይደረግ ነበር። አንዱ ተማሪ የግእዙን ንባብ አንድ መስመር ያነባል፤ አያቴ መጀመሪያ ቃሉን በቀጥታ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ትርጉም ያመጡለታል፤ ቆየት ብለው ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ሴት ልጅ ከጉባኤ አትቀመጥም ነበርና እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ባቄላ እየፈለፈልኩ አዳምጥ ነበር። አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ እላቸው ነበር። አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

«ጨው» ብዬ የመረጥኩ ዕለት ስለ አንድ የአሞሌ ነጋዴ ነገሩኝ። ሰውየው አህያውን ጭኖ በሽሎን ሲሻገር ወንዙ ደራሽ ሆነበትና ጨዉ በሙሉ ሟሙቶ ሄደ፤ ባዶ ስልቻ ይዞ ገበያ ቢገባ ሰው ሁሉ ሳቀበት። አንዲት ድሃ ሴትዮ ብቻ ስልቻውን ለምና ወሰደችና በውሃ ነክራ ወጧ ላይ ጨመቀችው። ያን ቀን በመንደሩ የሷን ወጥ የሚያህል የጣፈጠ አልነበረም። «ጨው ማለት እንዲህ ነው፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ያጣፍጣል» አሉኝ። «ባልንጀራ» ያልኩ ዕለት ደግሞ የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞችን አመጡ፤ አንደኛዋ እሳት ጠፍቶባት ለመጫር ስታፍር፣ ሌላይቱ ፍም በገል አድርጋ ድንበሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጣላት ሳትናገራት ተመለሰች። የኔታ እንዲህ እያሉ ሲያወሩ ድምፃቸው ከጉባኤው ድምፅ ይለያል፤ ዝግ ይላል፤ ቀን የሚቆጡት ሰውዬ እሳቸው አይመስሉም። እኔም ሳልናገር የምውልበት ቀን ብዙ ስለነበር ምሽቱን በጉጉት እጠብቀው ነበር።

ወደሳቸው የመጣሁት እናቴ ስትሞት ነው። የምንኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበር፤ አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ እናቴ ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ለየኔታ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። በለቅሶው ሰሞን የሚመጣው ሰው ሁሉ ራሴን እየዳሰሰ «መጽናናቱን ይስጥሽ» ይለኝ ነበር። ልጅ ነኝና አንድ ቀን አንድ ሰው ይዞልኝ የሚመጣ ነገር መስሎኝ የለቀስተኛውን እጅ እጅ አይ ነበር። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰውም ተበተነ፣ የተባለው ነገር ግን አልመጣም። የኔታ እጄን ይዘው አውቶብስ ሲያሳፍሩኝ እንኳ ወደ ኋላዬ አይ ነበር። 

ቤተ ልሔም ከገባሁ ወራት አልፈው፣ ጉሙ ከደጃፉ የማይነሳበት ክረምት መጣ። አንድ ምሽት የኔታ እንደልማዳቸው «በይ ቃል ምረጭ» ሲሉኝ «መጽናናት» አልኩ።

የኔታ ድንቹን በእንጨት አገላበጡት።

«እሱን ነገ» አሉኝ።

በነጋታው ደግሜ መረጥኩት፤ ደግመው «ነገ» አሉ። በሦስተኛው ምሽት ሌላ ቃል እንድመርጥ ለመኑኝ። የኔታን ማስቸገሩ ይከብደኝ ነበርና ሌላ ቃል ሰጥቻቸው ተረቱን ሳልሰማው አለፈ። ለኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ያ ነገር ይመጣል ወይስ አይመጣም? የሚመጣ ከሆነስ ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ? ይህን የሚነግረኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ብዬ አምን ነበር። ትርጉም ያጡለት ቃል ኖሮ አያውቅማ።

ከዚያ ንባቡ ከማቴዎስ ወንጌል ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ካስፈጀበት ቦታ ደረሰ። ያን ጠዋት የሚያነበው አየነው የሚባለው ተማሪ ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ድምፀ መልካም ልጅ። ራሔል ስለ ልጆቿ አልቅሳ መጽናናትን እንቢ አለች የሚለውን አነበበ። ባቄላዬን ትቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቃሉን ተረጎሙት፤ መጽናናት ከኀዘን ማረፍ ነው አሉ። አንድም፣ የትንሣኤን ተስፋ ማሰብ ነው አሉ። አንድም፣ የሞተው ከሞተበት የተሻለ ስፍራ እንዳለ ማወቅ ነው አሉ። ሳይደናቀፉ፣ እንደማንኛውም ቃል፣ አደላድለው ሰጡት። ተማሪዎቹም እየተቀበሉ መለሱላቸው። እኔ ቅርጫቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ለእነሱ ሁሉ ሲያድሉ ለኔ አንዲቱን እንኳ ነሱኝ ብዬ።

ማታ ድንች አልቀበርኩም። የኔታ ያንን አይተው «ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ለነአየነው ሰጥተው ለኔ ለምን ነሱኝ?»

«ምኑን ልጄ?»

«መጽናናትን።»

ፊታቸው ወደ ፍሙ ነበር። ዞር ሳይሉ መለሱልኝ። «ለነሱ የሰጠኋቸው ከመምህሬ የተቀበልሁትን ነው። ስቀበለው ጎረምሳ ነበርሁ። ሳስተምረው ደግሞ እናትሽ ነበረችልኝ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ከሦስቱ አንዱም አልያዘልኝም። ለኔ ያልያዘልኝን ነገር ላንች ምን ብዬ ልስጥሽ?»

«እንግዲያ ከራስዎ ይንገሩኛ።»

«ከራስ አይነገርም። ትርጓሜ ይቀበሉታል እንጅ አይፈጥሩትም። ከመምህሬ ያልሰማሁትን ብናገር እነዚህ ልጆች ምን ይዘው ሊሄዱ ነው?»

«ታዲያ ምን ላርግ?»

«እኔም አላውቅ» አሉ።

የኔታ አላውቅም ሲሉ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ፈራሁ። «እኔ ግን አልፈልገውም» አልኳቸው። «ቢመጣም አልቀበለውም። እናቴን ነው የምፈልገው።» ይቆጡኛል ብዬ ተሸማቅቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደኔ ዘወር አሉ፤ ዓይናቸው ሞልቷል። «እኔም አልፈልገው» አሉኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከፍተው ወደ ጎናቸው አስጠጉኝና አለበሱኝ። «ዛሬ ተረት የለም?» ብላቸው «የለም» አሉ። ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፤ ደረታቸው ሲነሳና ሲወርድ ይሰማኛል፤ ማልቀሳቸውን ያወቅሁት በሱ ነው። ኩራዟ ጋዟን ጨርሳ ጠፋች፤ የሚነሳ ሰው ግን አልነበረም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሳልባንን ያደርኩት ያን ሌሊት ነው። ጠዋት ስነቃ ጋቢው እኔ ላይ ነበር፤ እሳቸው በነጠላቸው ብቻ ብርዱን ተቋቁመው ጉባኤያቸውን ጀምረዋል።

ከዚያ በኋላ ያን ቃል አልመረጥኩም፤ እሳቸውም አላነሱት። ትምህርቴ ከፍ ሲል ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቼ እማር ጀመር፤ በየበዓሉ እየሄድኩ ሳያቸው ተማሪዎቻቸው እየሳሱ፣ ወይራው ሥር ያለው ቦታ እየሰፋ ሄደ። ያረፉት እኔ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ለቀብሩ ብደርስም ለስንብቱ አልደረስኩም። ሰው ሁሉ እንደገና «መጽናናቱን ይስጥሽ» አለኝ። የዚያን ጊዜ ግን አብሮኝ ጋቢ ውስጥ የሚገባ አልነበረም።

አሁን ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ትዳርም አልያዝኩ። በሥራዬ በሽተኛ ሲያርፍ ለቤተሰቡ መንገር የኔ ድርሻ የሚሆንበት ቀን አለ። መጽናናቱን ይስጣችሁ ማለት ከአፌ አይወጣም። ጓደኞቼ ደረቅ ነሽ ይሉኛል። አግዳሚው ላይ አብሬያቸው ቁጭ እላለሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ ነው።

ዘንድሮ ለልደት ቤተ ልሔም ሄድኩ። በዓሉ አልፎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ወደ ቤታችን ወጣሁ። ቤቱ ፈርሷል፤ የመሠረቱ ድንጋይና የምድጃው ቦታ ብቻ ቀርቷል። ወይራው ግን አለ፤ ከሥሩም አየነው፣ ዛሬ መምህር አየነው የሚባሉት፣ ጥቂት ተማሪዎችን ይዘው ጉባኤ ያደርጋሉ። እዚያው የድሮው ቦታዬ ላይ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃናቱ ከተፈጁበት ቦታ ደርሰው ነበር። መምህሩ እነዚያን ሦስቱን ትርጉሞች በየኔታ ዜማ፣ በየኔታ ትንፋሽ ሰጧቸው። ያበቃ መስሎኝ ልነሳ ስል ቀጠሉ።

«አንድም፤ መጽናናትን እንቢ ማለቷ ስለምን ነው ቢሉ፣ አብሯት እንቢ የሚል ስላጣች ነው። መጽናናት ማለት አብሮ እንቢ የሚል ሰው ማግኘት ነውና።»

ተማሪዎቹ ተቀብለው መለሱ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ።

ጉባኤው ሲነሳ መምህር አየነው አይተውኝ መጡ፤ አወቁኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «የየኔታ የልጅ ልጅ አይደለሽ? አድገሻል!» አሉኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ያቺን የመጨረሻዋን ትርጉም ከማን እንደተቀበሏት ጠየቅኋቸው።

«ከየኔታ ነዋ።»

«የኔታስ ከማን ተቀበሏት?»

ሳቅ አሉ። «እኛም ይህንኑ ጠይቀናቸዋል። በኋለኛው ዘመናቸው አንድ ቀን ድንገት ጨመሯት፤ ደነገጥን። ከራስ አይነገርም ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸዋ። ከራሴ አይደለም፣ ተቀብዬ ነው አሉን። ከየትኛው ሊቅ ነው ብንላቸው፣ ከአንዲት ሕፃን፣ ከምድጃ ዳር አሉን። ማን እንደሆነች ግን አልነገሩንም።»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ደህና ይሁኑ ብዬ ወረድኩና ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ ተሳፋሪው ስለ በዓሉ ያወራል፣ ስልኩን ያያል፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ፣ አያቴ አንድም ቀን ሳይነግሩኝ የልጅ እልሄን ከመምህራኖቻቸው ቃል ጎን እንዳስቀመጡት አስብ ነበር። በሕይወት ሳሉ ባውቀው ኖሮ ሮጬ ሄጄ ጋቢያቸው ውስጥ እገባ ነበር። አሁን ማን ዘንድ ይኬዳል?

ክፍሌ ስደርስ መብራት ጠፍቶ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳ ነበር። ሻማ ለኮስኩና ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በይ ቃል ምረጭ የሚለኝ ስላልነበረ ራሴው መርጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መጽናናት» አልኩ። ቀጥዬም «አንድም» አልኩና፣ ሌላ ሰው የሚጨርሰው ይመስል፣ ጠበቅሁ።