ያለፈኝ የጽዋ ተራ

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ለተጻፈ ነገር ያለኝ ፍቅር ዘግይታ እንደወለደች እናት ፍቅር ነው፤ አብዝቼ እሳሳለሁ። የተጻፈን ነገር ሰው ሁሉ እንደኔ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

የጉበት ቫይረስ እንዳለብን እኔና ጎረቤቴ የሰማነው በአንድ ቀን ነው። ከዓመታት በፊት ቁረይሻ ሰሊጥ አጨዳ ወርደን ወገባችን አልቃና ሲል፣ አንዲት ሴት በአንድ ምላጭ ተራ በተራ ዋግምት አግማን ነበር። ቀድማ የታገመችው እሷ ትሁን እኔ ሁለታችንም አናስታውስም። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ እጄን ያዘችና፣ «እታለም፣ የጠየቀን ካለ የወፍ በሽታ ነው እንበል። ወፍ እንደሆነች ሰው አትመርጥ» አለችኝ። ሳቅን።

ከጤና ጣቢያው ጓሮ ራኩባ አለ፣ በአገዳ የተከደነ ዳስ። በሽታው ያለብን ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ እዚያ እንሰበሰባለን። ኪኒኑ ሦስት ወር የሚዋጥ ነው፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሲገኝ እንጂ ሲፈለግ አይመጣም። እስኪመጣ የምንደጋገፈው እርስ በርስ ነው። አንዱ አቅም ላጣው ውሃ ይቀዳለታል፣ ሌላው ሾዋክ ሆስፒታል ድረስ ይሸኘዋል፤ እኔ አነባለሁ። የተሰጠን ወረቀት በዐረብኛ ስለነበር ነርሷ እያስረዳችኝ በካርቶን ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ስጠይቃት «ኻላስ፣ በቃ፣ ገብቶሻል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። «በሰሃን፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በደም ነው» ከሚለው ላይ ስደርስ ጎረቤቴ ከጎኔ ሆና፣ «ጽዋም ጨምሪበት እንጂ። የኛ ሰው ከሁሉ የሚፈራው እሱን ነው» አለች። ጨመርኩ። ከግርጌው ደንባችንን ጻፍኩ፦ ራኩባው ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ውጭ አይወራም። ሁላችንም ማልን፤ እሷም ማለች።

እኔና እሷ የጽዋ ማኅበርተኞችም ነን። ጠላ የሚያሳስር አገር ስለሆነ ጽዋችን የሚሞላው በከርከዴ፣ በቀይ አበባ ጭማቂ ነው። በአንዱ ጽዋ ሁላችንም እንቀምሳለን፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ በነጠላው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ስደት ላይ ጽዋ ያላረፈበት ቤት ቤት አይባልም። ሁለት ዓመት ጠብቄ ተራዬ ደረሰ። ግድግዳዬን እንደገና መረግሁ፣ አግዳሚ ተዋስሁ፣ ነጠላዬን አጥቤ ሄድኩ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ነጠላዬን ዘርግቼ ተነሣሁ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩትና ሁላችን አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጽዋውን እንደያዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ያንቺ ተራ ለጊዜው ይለፍ» አሉ። «ጉበትሽ እስኪሻለው ነው። ክፉ አናስብብሽም።»

ከኋላዬ አንዷ፣ «እኔ ደግሞ እንዲያ ያከሳት መጽሐፉ መስሎኝ» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አንቱ አያ፣ ማን ነገረዎት?»

 ዐይናቸው ሳያስቡት ወደ ጎረቤቴ ሄዶ ተመለሰ። እሷ ጽዋውን ታያለች እንጂ እኔን አታይም። ከዚያ ተነሣች።

«ተራው ባዶ ከሚቀር እኔ ልውሰደው፣ አያ።»

ነጠላዋን ዘረጋች፤ አስቀመጡላት። ምላሴ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «እሷም እንደኔው ናት» የምትል። ከአፌ ብትወጣ ጽዋው ከእጇ ይመለስ ነበር። ግን ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ያስማልኩት እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ከኋላ ደረሰችብኝ፣ ጽዋውን እንዳቀፈች።

«እታለም፣ ስሚኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሁለታችንም ስንጠፋ ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል። አንዳችን ከታወቅን፣ ሌላዋ ደጋፊዋ ናት ብለው ይተዋታል ብዬ ነው።»

«አንዳችን ለምን እኔ ሆንኩ?»

«እኔን ባሌ ያባርረኛል። ልጆቼን ማንም አያጫውታቸው። አንቺ ደግሞ...» ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነች። «አንቺ ብቻሽን መሆን ለምደሻል። መጽሐፍሽ አለልሽ።»

ሳታስብ አምልጧት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እሷ ግን ተቀምጣ መዝናለች፤ ከሁለታችን ሕይወት የቀለለው የኔ ሆኖ አግኝታዋለች። «ሂጂ፣ ይፈስብሻል» ብያት ቤቴ ገባሁ። ጽዋው ባዶ መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

በሐሙሱ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች፤ በቦታዋ፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ካርቶኑን ማንበብ ጀመርኩ። «በሰሃን፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ፣ በጽዋ...» እዚያ ላይ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አወረድኩት።  ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ጎረቤቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ «አይተላለፍም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አይተላለፍም» ብዬ ቀጠልኩ።

የሚቀጥለው ማኅበር በእሷ ቤት ሆነ። ቤቶቻችንን የሚለያቸው የማሽላ አገዳ አጥር ብቻ ነው። መዝሙሩን ሰማሁ፣ የአያን ምርቃት ሰማሁ፣ እሷ «ይጨመርልዎ?» እያለች ስትዞር ሰማሁ። ሁሉም ከእጇ ጠጡ። ወራት አልፈዋል፤ አንድም ሰው ከዚያ ጽዋ አልታመመም። የጻፍኩት እውነት ነበር። ያንለት እውነት መሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ ስትቀዳ ዋለች፣ አንዷ ከአጥር ማዶ።